ድርሻ

ፒያኖውን ያመጣነው በአይሱዙ ጭነን፣
በሽንኩርት ጆንያ ዙሪያውን ደግፈን፤
ከተዘጋ ሆቴል በጨረታ ወጥቶ፣
ደረጃ ላይ ጮኸ፣ እንደ ሰው ተቆጥቶ።

የጣና እርጥበት እንጨቱን ነፍቶታል፤
አንዱ ነጭ ጥርሱ ሲነኩት ይሰምጣል፣
ሰምጦም አይመለስ።
«ተወው» አለች አንጓች፣ «ሠሪም አትጥራልኝ፣
የቤታችንን ወግ እሱ ነው የሚያውቅልኝ።»

ቤታችን የምትለው ግንቡን ነው።
ከጎርጎራ ወዲህ፣ ደንገል ካቆመበት፣
ጣሪያው ከወደቀ ዘመን የሄደበት፣
ከእልፍኙ ወለል ላይ ሾላ የበቀለበት፣
ጉጉት ቀኑን ሙሉ የሚያንቀላፋበት።

የቀረው ስሙ ነው፤ ድንጋዩ ተካፍሏል።
የምሥራቁን ማዕዘን አጎት ቢያድግልኝ ለበረት ወስዶታል፤
የእትዬ ጥሩዓለም የወፍጮ ቤት መሠረት
ደረጃው ነበረ፤ አሁን ዱቄት ለብሷል፣ እህል ይፈጭበት።
እኔም ንጹሕ አይደለሁ፦
የበሩን ጉበን፣ ያን ረጅም ድንጋይ፣
ለጀልባዬ ሞተር ብዬ ሸጫለሁ።
ለእህቴ አልነገርኳት።
እሷ ባሕር ዳር ነበረች፣ አስተማሪ፤ ስንካፈል ማን አስታወሳት?
ድርሻ ስላልደረሳት፣ ድርሰት ደረሰች።

እኩለ ሌሊት ላይ ስልኬ ይጮኻል፦
«ደረጃው ስንት ነበር?»
«አሥራ ሰባት» እላለሁ፣ «አንዱ የተሰበረ።»
«የትኛው?»
«ከላይ አራተኛው፤ አባባ የወደቀበት።»
ዝም ትላለች።
ዝምታውን ስትጽፈው፣ የእርሳሱ ጫፍ ይሰማኛል።

አምስቱን ጥቁሮች ብቻ ብትነካካ
ትዝታ ይመጣል፣ ማንም ሳያንኳኳ።
እሷ ግን ሸሸችው፦ «ትዝታ ቀላል ነው፤
ጣሪያ ብቻ ሆኖ፣ ግድግዳ የሌለው።»

ኅዳር ላይ፣ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ተጫወተችው።
ዘመዱን በሙሉ ያሻገርኩት እኔ፣
በዚያው በጉበኑ፣ ማለቴ በሞተሩ።

«ደረጃ» ጀመረ፤ ግራ እጇ ይወጣል፣
ቀኝ እጇ ይወርዳል፣ መሀል ይገናኛል፤
አራተኛው ላይ ግን ጣቷ አየር ይረግጣል።
ቀጥሎ «ሾላው»፤ ከወፍራሙ ድምፅ ሥር እየሰደደ፣
ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ወለሉን ቀደደ።
«የጉድጓዱ ውሃ» አጭር ነው፤ ሁለት ጠብታና አንድ ማሚቶ፣
ሕፃን ሳል ይዞት ነበር፣ እሱም አብሮ ገባ።
«በረት» ሲጀመር ግን
አጎት ቢያድግልኝ ብድግ አለ፣ ጋቢው ወለል ላይ ቀርቶ፦
«ይኸ የኔ ነው! የኔ ማዕዘን ነው!
ስሸከመው እንዲህ ነበር ያቃሰተው!»
እትዬ ጥሩዓለም ከወዲያ፦ «እንኪያስ ደረጃው የኔ ነው፣
ይጻፍልኝ!»
አዳራሹ ሳቀ። እነሱ አልሳቁም፤
በድርሻ የመጣ፣ ዘመዴ አይቀልድም።
አንጓች እጇን አንሥታ፣ እስኪቀመጡ ጠበቀች።

መጨረሻው «በር» ነው።
ያንን ያበጠ ጥርስ አንድ ጊዜ ነካች፤
ሰመጠ፤ አልወጣም።
ከዚያ በኋላ ዜማው ባዶውን አለፈ፣
ቀጥ ብሎ፣ ጎንበስ ሳይል፣
በዚያ በር ሲገባ አንገቱን ያልሰበረ
የኛ ወገን ማን ነበረ?
ሦስተኛው ረድፍ ላይ እኔ ጎንበስ አልኩኝ።

ማታ ወደብ ላይ የጀልባውን ገመድ ስፈታ
አጠገቤ ቆመች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ።
«ስንት ሸጥከው?» አለች።
ነገርኳት፣ ሳንቲሙ ሳይቀር።
«ረከሰ» አለችኝ።
ዘመዶቻችን ከኋላ አሁንም ይከራከራሉ፣
ጉድጓዱ የማን እንደሆነ።
እሷ ወደ ሞተሩ ጆሮዋን አዘንብላ፦
«እስቲ አስነሣው» አለች፣
«በምን ቅኝት እንደሆነ ልስማው።»